የዑምራ ጉዞ ከቦሌ እስከ መዲና፦ ምን እንያዝ? ምን እንጠንቀቅ?



ብዙዎቻችን እናት አባቶቻችንን ለዑምራ ለማብቃት ለዓመታት ያጠራቀምነውን ገንዘብ እናወጣለን። ከመሄዳችን በፊትም ስለ ጠዋፍና ስለ ሰዕይ ደርስ እንሰማለን፣ ኪታብ እናገላብጣለን። ስለ መንገዱ ግን የሚነግረን ሰው ብዙ አይደለም። እኔም እናቴን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጓዝ ይህ ጉድለት ዋጋ አስከፍሎኛል። የደም ግፊት መድኃኒቷን በትልቁ ሻንጣ ከትቼ አስረከብኩ። ሻንጣው ከእኛ ጋር አልደረሰም፤ የመጣው በማግስቱ ነበር። እናቴ ዓመታት የተመኘችውን ጠዋፍ ያደረገችው ራሷን እያዞራት፣ ክንዴን ተደግፋ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጓዝ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በዑምራ ጉዞ ላይ የሚያጋጥመው አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። የሚያስፈልገው ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት በእጅ ካልተገኘ ሚቃቱም፣ አውሮፕላኑም፣ ባቡሩም ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች በጉዞው ቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

1. ትኬቱን በትክክል ማንበብ

ትኬት ላይ የሚጻፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱም ከእኛ ሰዓት በ6 ይለያል። ይህን ሁላችንም የምናውቀው ቢመስለንም ሰው የሚሳሳተው በሌሊት በረራ ላይ ነው። በፈረንጆቹ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ትኬቱ «ጁምዓ 01:45» የሚል ከሆነ በረራው ሐሙስ ለጁምዓ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:45 ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ስላለብዎት ቦሌ መገኘት የሚኖርብዎት ሐሙስ ምሽት 4:45 ላይ ነው። ጁምዓ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

በሳዑዲና በኢትዮጵያ መካከል የሰዓት ልዩነት ስለሌለ ጅዳ ሲደርሱ ሰዓትዎን መቀየር አያስፈልግዎትም። እዚያ ሰው ሰዓት ሲነግርዎት ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

ስምዎ በፓስፖርቱ፣ በቪዛውና በትኬቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ። «ሙሐመድ»፣ «ዓሊ»፣ «ኸዲጃ» የመሳሰሉት ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፉ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ይህ በቤት ሳሉ በአንድ ስልክ ይስተካከላል፤ ቦሌ ላይ ግን ከበረራ ሊያስቀር ይችላል። የፓስፖርትዎ ማብቂያም ከጉዞው ቀን ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን።

2. ክትባት

ለዑምራ የሚሄድ ሰው አራቱን የማጅራት ገትር ዓይነቶች የሚከላከለውን ክትባት ሳዑዲ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መውሰድ አለበት። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ይጠየቃል፤ እርሱም ከጉዞው 10 ቀን በፊት ሊወሰድ ይገባል። ሁለቱንም በመጨረሻው ሳምንት መውሰድ አይጠቅምም። ቢጫውን የክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ላይ ይያዙ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት።

3. የትኛው ዕቃ በየትኛው ሻንጣ?

በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ መሆን ያለባቸው፦

• የኢሕራም ልብስ (ገና ካልለበሱት)፣ ነጠላ ጫማና መታጠቂያ ቀበቶ፤
• ለሙሉው ጉዞ የሚበቃ የዘወትር መድኃኒት፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፤
• ፓስፖርት፣ የቪዛና የማረፊያ ወረቀት በእጥፍ ኮፒ፤
• ገንዘብና ስልክ፣ እንዲሁም ተንቀሳቃሽ ቻርጀር (ፓወር ባንክ)። ፓወር ባንክ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በሚረከበው ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤
• አንድ ቅያሪ ልብስ።

መቀስ፣ ጥፍር መቁረጫና ምላጭ በትልቁ ሻንጣ ይግቡ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ የተያዘ ቅባት፣ ማር ወይም ዘይትም እንዲሁ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ጥሩ ስንቅ ናቸው። በተለይ ወላጆች የአውሮፕላን ምግብ ስለማይወዱ ትንሽ በእጅ ይያዙላቸው።

መድኃኒትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በሳዑዲ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። በስምዎ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ከሌለዎት አይያዙ። መድኃኒቱንም ከነማሸጊያው ይውሰዱ፤ በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ጥያቄ ያስነሳል።

ገንዘብ የሚቀይሩ ከሆነ አንድ ዶላር በቋሚነት 3.75 ሪያል መሆኑን ይወቁ። ከዚህ ብዙ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚሰጥዎትን ሰው ይለፉት።

4. «ይህችን ብቻ አድርስልኝ» የሚባል አማና

ጉዞዎ ሲሰማ ዕቃ እንዲያደርሱ የሚጠይቅዎት ሰው አይጠፋም። ጫት በሳዑዲ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። ደርቆና ተፈጭቶ ሻይ ቅጠል ቢመስል እንኳን ፍርዱ አይለወጥም። ይዞ የተገኘ ሰው ለእስር ይዳረጋል፤ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር የሚሰጠው ቅጣትም እጅግ ከባድ ነው። ሻንጣው በስምዎ እስከተመዘገበ ድረስ «የሰው ነው» ማለት አያድንም።

አማና መወጣት የሙእሚን ባሕሪ ነው። ነገር ግን ውስጡን ያላዩትን ዕቃ መቀበል አማና ሳይሆን ራስን ለጥፋት መስጠት ነው። የሚቀበሉ ከሆነ ዕቃውን ከፍተው፣ አንድ በአንድ አይተው፣ በእጅዎ ራስዎ ያሽጉት። ባለቤቱ በዚህ ከተቆጣ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። በተለይ «አይሆንም» ማለት የሚከብዳቸውን እናቶቻችንን ቀድመን እንንገራቸው፣ ሻንጣቸውንም አብረናቸው እናሽግ።

5. ቦሌ ላይ፦ ሶላትና የኢሕራም ልብስ

ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ የሚደረገው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ምግብ ይቀርባል፣ ሰው ይነሳል፣ ይቀመጣል። በጠባቧ መጸዳጃ ክፍል ተራ ጠብቆ ልብስ መቀየር ለወጣትም ይከብዳል። ስለዚህ ትጥበቱን ቤት አጠናቀው፣ ልብሱንም ቤት ወይም ቦሌ ላይ ለብሰው ይሳፈሩ። ልብሱን መልበስ ብቻውን ኢሕራም ውስጥ አያስገባም፤ ኢሕራም የሚጀምረው በኒያ ነው። እስከዚያው ሽቶም ሆነ ኮፍያ አልተከለከለም።

በሶላት ጉዳይ አንድ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። መንገደኛ ሶላት ማሳጠር የሚጀምረው ከሚኖርበት ከተማ ሕንጻዎች ሲወጣ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከተማው ውስጥ ስለሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ እዚያ የሚሰግደውን በሙሉ ይሰግዳል። ከደሴ ወይም ከጅማ መጥቶ በማግስቱ የሚበር ሰው ግን መንገደኛ ነውና ያሳጥራል።

በረራው ንጋት ላይ ከሆነ የሱብሒን ሰዓት ቀድመው ያስሉ። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ መሰብሰብ ይቻላል፤ ሱብሒ ግን ከምንም ጋር አይሰበሰብም። ወቅቱ አየር ላይ ገብቶ ከማረፍዎ በፊት የሚወጣ ከሆነ አውሮፕላኑ ውስጥ መስገድ ግድ ይላል። ቦታ ከተገኘ ቆመው ወደ ቂብላ፣ ካልተገኘም ባሉበት፣ እንደ ችሎታዎ ይሰግዳሉ። ውዱእዎን ከመሳፈርዎ በፊት ማድረጉ ይህን ሁሉ ያቀልልዎታል።

6. በሰማይ ላይ ያለው ሚቃት

ሚቃት ማለት ዑምራ ወይም ሐጅ ያሰበ ሰው ኢሕራም ሳያደርግ ሊያልፈው የማይገባ ድንበር ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ጅዳ የሚበር አውሮፕላን ከደቡብ ስለሚመጣ የሚታሰበው የየለምለም ትይዩ ነው። በዱባይ ወይም በሪያድ በኩል የሚመጡ ወገኖች የሚያገኙት ቀርን አል-መናዚልን ነው። በግብፅና በሻም አቅጣጫ የሚመጡት ደግሞ ጁሕፋን ያስባሉ። መጀመሪያ መዲና የሚገባ ሰው ግን ያለ ኢሕራም ይገባል፤ ሚቃቱ ወደ መካ ሲነሳ ዙልሑለይፋ ነው።

ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ ሠራተኞች ማስታወቂያ ይሰማል። ሆኖም ማስታወቂያውን በእንቅልፍ ወይም በወሬ ማለፍ ቀላል ነው። አውሮፕላን ሚቃቱን በደቂቃ ውስጥ ስለሚያልፍ ጥቂት ቀደም ብሎ መነየት ይቻላል፤ ማዘግየት ግን አይቻልም። ስለዚህ ማስታወቂያ ካልሰሙ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ሊቀር ሲል፣ ከዚያም ትንሽ ቀደም ብለው ነይተው ተልቢያ ይጀምሩ። አብረዋችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችም ቀስቅሷቸው። ሚቃቱን ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ተመልሶ ከሚቃቱ ኢሕራም ማድረግ አለበት። ሳይመለስ ጅዳ ላይ ካደረገ በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ መካ ላይ የሚታረድ በግ ወይም ፍየል ይጠበቅበታል።

የኢሕራም ልብሱ በትልቁ ሻንጣ የቀረበት ወንድም ምን ያድርግ? ብዙዎች «ጅዳ ደርሼ እለብሳለሁ» ብለው ኒያውን ያዘገያሉ፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ኒያውን በሰዓቱ ያድርግ። ሸሚዙን አውልቆ ጋቢ ወይም ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያድርግ። ሽርጥ ያጣ ሰው ሱሪ እንዲለብስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደዋል። ለኢሕራም የተከለከለው «የተሰፋ» ልብስ በሰውነት ቅርጽ የተሰፋው ነው እንጂ ጠርዙ ክር ያለበት ጨርቅ ሁሉ አይደለም። ስለዚህ የሀገራችን ጋቢ ያገለግላል።

እህቶች የዘወትር ሒጃባቸውን ለብሰው ኢሕራም ያደርጋሉ፤ ኒቃብና ጓንት ብቻ ይቀራል። በወር አበባ ላይ ያለች እህትም ሚቃቱን ያለ ኢሕራም አታልፍም። ትነይታለች፣ ተልቢያ ታደርጋለች፣ ጠዋፉን ግን እስክትጠራ ታቆየዋለች። ለዚህም ሲባል የመመለሻ ቀኑን ሲቆርጡ ጥቂት ቀን ማስረፍ ብልህነት ነው።

ሌላም አለ። ከኒያ በኋላ ሽቶ ክልክል ነው። አውሮፕላን ውስጥ የሚታደለው እርጥብ መጥረጊያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽቶ አለው። ለወላጆችዎ ሽታ የሌለው መጥረጊያ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ይያዙላቸው።

7. ከጅዳ እስከ መካ

የጅዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አየር ማረፊያ ከአንድ በላይ ተርሚናል አለው። የሚቀበልዎት ሰው ካለ የትኛው ላይ እንደሚያርፉ አስቀድመው ይንገሩት። አንዱ የሐጅ ተርሚናል ነው፤ ከነጭ ጨርቅ በተሠሩት የድንኳን ጣሪያዎቹ የሚታወቀው ይህ ተርሚናል በ1981 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከመሐንዲሶቹ ዋነኛው የዛሬዋ ባንግላዴሽ ተወላጅ የነበሩት ፈዝሉር ረሕማን ኻን ነበሩ።

ከአየር ማረፊያው መካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦

• የወኪልዎ አውቶቡስ ወይም መኪና። የሹፌሩን ስልክና የሚገናኙበትን በር ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ይያዙ።
• የሐረመይን ፈጣን ባቡር። በ2018 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ መስመር መካን፣ ጅዳንና መዲናን በ450 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገናኛል፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበርራል። የአየር ማረፊያው ጣቢያ ያለው ተርሚናል 1 አጠገብ ነው። የመካው ጣቢያ ከሐረም ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ከዚያ ታክሲ ያስፈልግዎታል። በረራ ሊዘገይ ስለሚችል የባቡሩን ትኬት ከማረፊያ ሰዓትዎ በጣም አጠጋግተው አይቁረጡ።
• ታክሲ። መደበኛ ታክሲዎች ተራ የሚይዙበት ቦታ አላቸው፤ ኡበርና ካሪምም ይሠራሉ። በር ላይ ክንድዎን እየያዘ «መካ፣ መካ» የሚልዎትን ሰው ይለፉት። ዋጋውን ሳይስማሙ ሻንጣ አይጫኑ፣ ፓስፖርትዎንም ለሹፌር መያዣ አይስጡ።

ማረፊያዎ እንደደረሱ ወዲያው ወደ ጠዋፍ መሮጥ ግዴታ አይደለም። ኢሕራም ላይ እንዳሉ መብላት፣ መተኛትና በማግስቱ ዑምራውን ማድረግ ይቻላል። ለዕድሜ ባለጸጎች ይህ ይሻላል።

8. በሕዝብ መሐል እንዳይጠፋፉ

የማረፊያውን የአድራሻ ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው ኪስ ያስገቡ። ወላጅዎ ስልክ መጠቀም ካልቻሉ ስማቸውን፣ የእርስዎን የሳዑዲ ስልክ ቁጥርና የማረፊያውን ስም በዐረብኛ ጽፈው አንገታቸው ላይ ያንጠልጥሉላቸው። የስልክ ቁጥር (ሲም) ለማውጣት ፓስፖርትና የጣት አሻራ ይጠየቃል።

የመካ ሐረም በሮች ቁጥር አላቸው። የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በር ቁጥር 1፣ የንጉሥ ፈህድ በር ቁጥር 79 ነው። ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት «ከተጠፋፋን ከዚህ በር ውጭ እንገናኝ» ብላችሁ አንድ በር ምረጡ። ጫማዎን በር ላይ ከመተው በትንሽ ከረጢት ይዘውት ይግቡ፤ በሌላ በር መውጣትዎ አይቀርምና። ለድንገተኛ ሕመም የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997 ነው።

9. መዲና፦ ዚያራ እና ጉብኝት

ረውዷ ውስጥ ለመስገድ በኑሱክ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ቀጠሮው ቶሎ ስለሚያልቅ መዲና ከመድረስዎ በፊት ይሞክሩ።

ከመስጂደ ነበዊ ውጭ ያሉትን ዋና ዋና ቦታዎች በግማሽ ቀን ማዳረስ ይቻላል። ሙቀቱ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከሱብሒ በኋላ ወዲያው መውጣት ይመረጣል።

ቁባእ መስጂድ ከነበዊ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቅዳሜ ቅዳሜ በእግርም በግመልም ይሄዱበት ነበር። ከቤቱ ጠሃራ አድርጎ እዚያ ለሚሰግድ ሰው የዑምራ ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ስለተነገረ ውዱእዎን ማረፊያዎ ላይ አድርገው ይውጡ። አቅም ያለው ሰው በእግረኛው መንገድ መሄድ ይችላል።

ኡሑድ ከከተማው በስተሰሜን ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ የሸሂድነትን ክብር ያገኙት ሰባ ያህል ሶሐባዎች፣ ከእነርሱም ሐምዛ (ረ.ዐ) እዚያ አርፈዋል። ቀስተኞቹ ቦታቸውን የለቀቁባት ኮረብታም ከፊት ለፊት ትታያለች። ታሪኩን ከመሄድዎ በፊት ለቤተሰብዎ ቢያነቡላቸው ቦታው ይናገራል።

በቂዕ ከነበዊ ጎን ያለው የመቃብር ስፍራ ነው። ለወንዶች በብዛት ከሱብሒና ከዐስር በኋላ ይከፈታል፤ እህቶች ከውጭ ሰላምታ ያቀርባሉ። ለእኛ ለሐበሾች ይህ ስፍራ ልዩ ትዝታ አለው። በ615 ወደ ሀገራችን ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሐባዎች መካከል የነበሩት ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ያረፉት እዚሁ ነው። ነጃሺ ያስጠጓቸውን እንግዶች ዛሬ ከሐበሻ መጥተን ሰላም እንላቸዋለን።

ከመዲና ወደ መካ በባቡር የምትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባቡሩ ዙልሑለይፋ አይቆምም። ታጥባችሁና የኢሕራሙን ልብስ ለብሳችሁ ከማረፊያችሁ ውጡ፤ ኒያውንም ባቡሩ እንደተነሳ ሳትዘገዩ አድርጉ። በመኪና የሚሄድ ግን ሚቃቱ ላይ አቁሞ ሰግዶ መነየት ይችላል።

10. መልስ

የዘምዘምን ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ልብስ ውስጥ መደበቅ አይፈቀድም፤ ሻንጣው ተከፍቶ ይጣላል። አየር ማረፊያው ላይ ለመንገደኛ ተብሎ የታሸገው ባለ 5 ሊትር ስላለ እርሱን ይግዙ። የመነሻ ተርሚናልዎን ከትኬቱ አይተው ለሹፌሩ ይንገሩ፤ የተሳሳተ ተርሚናል መሄድ ብዙ ሰዓት ያስበላል። በረራዎ ሌሊት ከሆነና ጉልበት ካለዎት በ2014 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጅዳ አሮጌ ከተማ «አል-በለድ» ማየት ይችላሉ፤ በእንጨት ጥልፍ የተሠሩት መስኮቶቹ ያምራሉ።

በመጨረሻም፣ እናቴ በሁለተኛው ቀን መድኃኒቷን ወስዳ ሌላ ጠዋፍ አደረገች፤ አልሐምዱ ሊላህ። ዛሬም ስለ ዑምራዋ ስታወራ ራሷን ያዞራትን ቀን አታነሳም። እኔ ግን አልረሳሁትም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት ቤተሰቡን ሰብስባችሁ የእጅ ቦርሳዎቹን ክፈቱና መድኃኒት፣ ኢሕራም፣ ፓስፖርት እያላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። አላህ ለሁላችንም ተቀባይነት ያለው ዑምራ ይወፍቀን፣ መንገዱንም ያግራልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።